መድኃኒቱ የሚያርፍበት ቦታና ሕመሙ የሚነሣበት ቦታ፦ ስለ ሴሮቶኒን ተቀባይ ጂን

በሐምሌ 2022 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የለንደኗ የአእምሮ ሐኪም ጆአና ሞንክሪፍና ባልደረቦቻቸው አንድ ሰፊ የግምገማ ጥናት አወጡ። ለአሥርት ዓመታት የተሠሩ ምርምሮችን ሰብስበው ከመረመሩ በኋላ፣ ድብርት የሚመጣው በአንጎል ውስጥ ያለው ሴሮቶኒን የተባለ መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገር በማነሱ ነው ለሚለው አባባል ወጥነት ያለው ማስረጃ እንዳላገኙ ገለጹ። ዜናው በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓለምን ዞረ። ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍም መልኩ እየተለወጠ ሄደ። አንዳንዱ “የድብርት መድኃኒት ሁሉ ከንቱ ነው” ብሎ ደመደመ። ሌላው ደግሞ “ነገሩ ከሴሮቶኒን መጠን ካልሆነ ከጂኑ መሆን አለበት” እያለ የድብርት ጂን፣ የቁጣ ጂን፣ የደስታ ጂን ፍለጋ ያዘ። በምራቅ ናሙና ብቻ ጠባይንና የሚስማማውን መድኃኒት እንነግራችኋለን የሚሉ የግል ምርመራዎችም ይህንኑ ጥማት ተከትለው ገበያውን ሞሉት።

የግራ መጋባቱ ምንጭ የተለያዩ ጥያቄዎችን በአንድ ገመድ ማሰር ነው። ሴሮቶኒን በአንጎል ውስጥ ምን ይሠራል? መድኃኒቶቹ የሚያርፉት የት ላይ ነው? አንዱን ሰው ለሕመም የሚያጋልጠው፣ ሌላውን የሚያተርፈው የዘር ውርስ የትኛው ነው? እነዚህ ሦስቱ የየራሳቸው መልስ አላቸው፤ የአንዱ መልስ ለሌላው ዋስ አይሆንም። ይህን ለማየት ከሴሮቶኒን ተቀባዮች መካከል በብዛት የተጠናውን አንዱን፣ 2ኤ የሚባለውን ተቀባይ እና እርሱን የሚያዘውን ጂን መከተል ይጠቅማል።

ከአንጀት እስከ አንጎል

ሴሮቶኒን መጀመሪያ የታወቀው በአንጎል ውስጥ አልነበረም። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ኤርስፓመር በ1930ዎቹ ከአንጀት አወጣው። በ1948 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከደም ውሃ፣ ማለትም ከሴረም፣ ለይተው አጠሩትና የደም ሥርን ስለሚያጠብቅ ሴሮቶኒን አሉት። በአንጎልም ውስጥ መኖሩን ያሳየችው ቤቲ ትዋሮግ የተባለች ወጣት ተመራማሪ ናት፤ ውጤቷ በ1953 ታተመ። ዛሬም ቢሆን በሰውነታችን ካለው ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በአንጀት ነው። “የደስታ ሆርሞን” የሚለው ቅጽል ስም ይህን ሁሉ ታሪክ ይደብቃል።

በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የሚያመነጩት የነርቭ ሴሎች ከጠቅላላው ብዛት አንጻር ጥቂት ናቸው። መኖሪያቸው የአንጎል ግንድ ነው፤ ጭራቸው ግን ወደ ሁሉም የአንጎል ክፍል ይዘረጋል። ንጥረ ነገሩን ሲለቁት በራሱ ትእዛዝ አይሰጥም፤ ትእዛዙን የሚወስነው የሚቀበለው ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን “ተቀባይ” ይባላል፤ በሴሉ ሽፋን ላይ ተተክሎ ከውጭ የመጣውን መልእክት ወደ ውስጥ ያስገባል። የሰው ልጅ 14 ያህል ዓይነት የሴሮቶኒን ተቀባዮች አሉት፤ በ7 ቤተሰቦችም ይመደባሉ። አንዱ ተቀባይ ሴሉን ሲያነቃ ሌላው ያረጋጋዋል። ስለዚህ “ሴሮቶኒን ጨመረ” ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም፤ የት ቦታ፣ በየትኛው ተቀባይ ላይ ተብሎ መጠየቅ አለበት።

2ኤ የሚባለው ተቀባይ በብዛት የሚገኘው በአንጎል ቅርፊት፣ ማለትም በውጫዊው የሐሳብና የግንዛቤ ክፍል ነው። ሴሮቶኒን ሲያርፍበት የነርቭ ሴሉን ያነቃዋል። በደም ሥሮች ጡንቻ ላይና ደም በሚያረጉ ጥቃቅን አካላት ላይም ይገኛል። ኤልኤስዲ የተባለው ቅዠት አምጪ ዕፅ አእምሮን የሚያናውጠው በዋናነት በዚሁ ተቀባይ በኩል ነው። ለስኪዞፍሬኒያ፣ ቅዠትና ከእውነታ የራቀ እምነት ለሚያመጣው ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ የሚሰጡት ክሎዛፒንና ሪስፐሪዶን ደግሞ ይህንኑ በር ይዘጉታል። በ2016 በአሜሪካ የተፈቀደው ፒማቫንሰሪን በፓርኪንሰን ሕሙማን ላይ የሚታየውን ቅዠት የሚያስታግሰው 2ኤን በማብረድ ነው። አንድ ተቀባይ በአንድ በኩል ሲነካ ቅዠት የሚያመጣ፣ በሌላ በኩል ሲነካ ቅዠት የሚያስታግስ ከሆነ፣ ተመራማሪዎች የአእምሮ ሕመም ምሥጢር እዚያ ተቀብሯል ብለው ቢጠረጥሩ አይፈረድባቸውም።

በጂኑ ውስጥ ያሉት ፊደላት

ጂን ወይም ዘረ መል ማለት አንድን ፕሮቲን ለመሥራት የሚያስፈልገው የጽሑፍ ትእዛዝ ነው። የተጻፈበት ዲኤንኤ 4 ፊደላት ብቻ አሉት። ፊደላቱ በሦስት በሦስት እየሆኑ “ቃል” ይመሠርታሉ፤ እያንዳንዱ ቃል አሚኖ አሲድ የሚባል የፕሮቲን ጡብ ይጠራል። 2ኤን የሚያዘው ጂን ኤችቲአር2ኤ ይባላል። በ13ኛው ክሮሞዞም፣ ማለትም ጂኖች በተደረደሩበት የዲኤንኤ ጥቅል፣ ላይ ከ60 ሺህ በላይ ፊደላት ይሸፍናል፤ የሚሠራው ፕሮቲን ግን 471 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ነው። የቀረው ጽሑፍ ጂኑ መቼ፣ የት፣ ምን ያህል ይነበብ የሚለውን የሚቆጣጠርና ሲነበብ ተቆርጦ የሚጣል ነው።

በዚህ ጂን ላይ ከሰው ሰው የሚለያዩ ቦታዎች ብዙ ናቸው። ሁለቱን ብቻ እንይ። የመጀመሪያው በ102ኛው ፊደል ላይ ያለ ልዩነት ነው፤ ማለትም የ34ኛው ቃል ሦስተኛ ፊደል። አንዱ ሰው እዚያ ላይ ቲ ይኖረዋል፣ ሌላው ሲ። የሚገርመው ነገር ሁለቱም ቃላት የሚጠሩት አንድ ዓይነት አሚኖ አሲድ መሆኑ ነው። አማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፦ “ፀሐይ” ተብሎ ቢጻፍ “ጸሀይ” ተብሎ ቢጻፍ አንደበት የሚያወጣው ድምፅ አንድ ነው። የተጻፈው ተለወጠ፣ የተነበበው ግን አልተለወጠም።

ሁለተኛው ልዩነት ከዚህ ይከብዳል። 452ኛው አሚኖ አሲድ በብዙ ሰዎች ዘንድ ሂስቲዲን ሲሆን፣ በጥቂቶች ዘንድ ታይሮሲን ነው። ይህ “መጣ” የሚለው “ወጣ” እንደ መሆን ነው፤ አንድ ፊደል ተቀይሮ ትርጉሙ ተለወጠ። ይህን ልዩነት የያዙ ሰዎች የደም አካላት ለሴሮቶኒን የሚሰጡት ምላሽ ደከም ብሎ መገኘቱ በ1990ዎቹ ታይቷል። በ2003 ከስዊዘርላንድ የወጣ ጥናትም ታይሮሲን ያላቸው ጤነኛ ወጣቶች የተነገራቸውን ቃላት ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ከሌሎቹ አንሰው ማስታወሳቸውን ዘግቧል።

ታዲያ ሳይንቲስቶች ለዓመታት ሲከታተሉት የኖሩት በአብዛኛው ትርጉም የሚለውጠውን ሁለተኛውን ሳይሆን ድምፁ የማይለወጠውን የመጀመሪያውን ነው። ምክንያት አልነበራቸውም ማለት አይደለም። የ102ኛው ፊደል ልዩነት በሕዝቡ ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ በጂኑ መቆጣጠሪያ ክፍል ካለ ሌላ ልዩነት ጋርም ተያይዞ ይወረሳል። ስለዚህ ራሱ ባይሠራም የሚሠራውን ሊጠቁም ይችላል ተብሎ ታሰበ። በተግባር ደግሞ በጊዜው በነበረው መሣሪያ በቀላሉ የሚመረመር ነበር። ዋናው ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ሰው የሚፈልገውን ነገር ብርሃን ባለበት በኩል መፈለግ ይቀናዋል።

የተስፋው ዘመን

በ1995 የለንደን ተመራማሪዎች የ102ኛው ፊደል ልዩነት ክሎዛፒን ለማን እንደሚሠራ ይጠቁማል አሉ። በ1996 ከጃፓንና ከአውሮፓ የወጡ ጥናቶች ይኸው ልዩነት ከስኪዞፍሬኒያ ጋር ግንኙነት እንዳለው ዘገቡ። በዚያው ሰሞን የክሎዛፒኑን ውጤት ለመድገም የሞከሩ ሌሎች ቡድኖች ግን አልተሳካላቸውም። ከዚያ በኋላ ይህ ጂን ያልተያያዘበት ነገር ጥቂት ነው፦ ድብርት፣ ራስን ማጥፋት፣ የአመጋገብ መዛባት፣ ሲጋራ ማጨስ፣ ጠባይ። አንዱ ጥናት “አዎ” ሲል ሌላው “የለም” ይላል፤ ሦስተኛው “አዎ” ይላል፣ ግን ጥፋተኛው ተቃራኒው ፊደል ነው ይላል።

ከእነዚህ ሁሉ ትልቅ ተስፋ የጣለው በ2006 የወጣው የአሜሪካ ጥናት ነበር። ሲታሎፕራም የተባለውን የድብርት መድኃኒት ከወሰዱ 1,953 ሕሙማን 68 ጂኖች ተመረመሩ። ጎልቶ የወጣው ኤችቲአር2ኤ ላይ ያለ አንድ የፊደል ልዩነት ነው። “ኤ” የሚባለውን ቅጂ ከአባትም ከእናትም የወረሱ ሰዎች፣ ሌላውን ቅጂ ከሁለቱም ከወረሱት ይልቅ መድኃኒቱ ሳይሠራላቸው የመቅረቱ ዕድል በ18 የመቶኛ ነጥብ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እዚያው ጥናት ውስጥ አንድ ሊታለፍ የማይገባው ዝርዝር አለ፤ ይህ ቅጂ በነጮቹ ተሳታፊዎች ዘንድ ከጥቁሮቹ ይልቅ ከ6 እጥፍ በላይ በብዛት ይገኛል። ለጥቁሮቹ ደግሞ ሕክምናው ያነሰ ውጤት አሳይቶ ነበር። ልዩነቱ ከጂኑ ነው ወይስ ከኑሮ፣ ከገቢና ከሚያገኙት እንክብካቤ? አንድ ጂን ብቻ ይዞ ይህን መለየት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ቁጥሩ ሲበዛ

ትናንሽ ጥናቶች ለምን ያሳስታሉ? ሎተሪን ማሰብ ይበቃል። ዕጣውን የሚቆርጡት እልፍ ናቸው፤ ጋዜጣ ላይ ፎቶግራፉ የሚወጣው ግን የደረሰው ሰው ብቻ ነው። ጋዜጣውን ብቻ የሚያነብ ሰው ሎተሪ የቆረጠ ሁሉ ይደርሰዋል ብሎ ቢያምን አይገርምም። በሳይንስ መጽሔቶችም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በመቶ የሚቆጠሩ ቡድኖች ጥቂት አሥር ወይም ጥቂት መቶ ሰዎችን ይዘው በብዙ ጂኖች ላይ በብዙ ሕመሞች ሞከሩ። በአጋጣሚ ግንኙነት ያገኘው አሳተመ፤ ያላገኘው ወረቀቱን በመሳቢያው አስቀመጠ። ማንም ሳይዋሽ፣ ማንም ሳያጭበረብር፣ እውነት ያልሆነ ነገር በብዙ ጥናት የተረጋገጠ መስሎ ታየ።

ከዚህ ላይ የሕዝብ ስብጥር ይጨመራል። የጂን ፊደላት ከቦታ ቦታ በብዛታቸው ይለያያሉ። ሕሙማኑ ከአንድ አካባቢ፣ ጤነኞቹ ከሌላ አካባቢ ተሰብስበው ከሆነ፣ በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት የሕመሙ ሳይሆን የትውልድ ቦታቸው ነው።

መልሱ የመጣው ከብዛት ነው። በ2019 በአሜሪካ የኮሎራዶ ተመራማሪዎች ከድብርት ጋር በብዛት የተጠቀሱ 18 ጂኖችን ወሰዱ። ኤችቲአር2ኤ አንዱ ነበር፤ ሴሮቶኒንን መልሶ የሚሰበስበውን ፕሮቲን የሚያዘው እጅግ ዝነኛው ጂንም ተካቷል። የተጠቀሙት ናሙና እንደ መለኪያው ከ62,138 እስከ 443,264 ሰዎች የሚደርስ ነበር። የተገኘው ውጤት ቁርጥ ያለ ነው፤ እነዚህ ታዋቂ ጂኖች በዘፈቀደ ከተመረጡ ሌሎች ጂኖች የተለየ ከድብርት ጋር የሚያያዝ ነገር አልታየባቸውም። ጂኑ ከልጅነት መከራ ጋር ሲገናኝ ሕመም ያመጣል የሚለው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ጽሑፎች የተጻፉበት ሐሳብም በዚያው ናሙና ድጋፍ አላገኘም።

ይህ ድብርት የዘር ድርሻ የለውም ማለት ግን አይደለም። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በድብርት የመያዝ ልዩነት ውስጥ ከሲሶ ትንሽ የሚበልጠው ከውርስ እንደሚመጣ ያሳያሉ፤ በስኪዞፍሬኒያ ድርሻው ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። የተሳሳተው የውርሱ መልክ ላይ የነበረው ግምት ነው። በ2025 ከ29 አገሮች የተሰበሰበ፣ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ከድብርት ጋር የሚያያዙ 700 ገደማ የፊደል ልዩነቶችን ለየ። እያንዳንዳቸው የሚጨምሩት አደጋ ከቁጥር የማይገባ ያህል ነው። የአንድ ወንዝ ምንጭ አንድ ትልቅ ዓይነ ውሃ ነው ብለው ሲፈልጉ ኖረው፣ ከሰባት መቶ ቦታ የሚንጠባጠብ ውሃ መሆኑን እንዳገኙ ነው።

ፊንላንድ፦ አንድ ፊደል ሲከብድ

ሆኖም አንድ ፊደል ብቻውን ብዙ ሊያናጋ የሚችልበት አጋጣሚ አለ። የሴሮቶኒን ተቀባይ ታሪክ ያለ እርሱ ሙሉ አይሆንም።

የ2ኤ የቅርብ ዘመድ የሆነ 2ቢ የሚባል ተቀባይ አለ፤ ጂኑ በ2ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። በ2010 የአሜሪካና የፊንላንድ ተመራማሪዎች ያልታሰበበት፣ በድንገት ገንፍሎ የሚወጣ የኃይል ጥቃት የፈጸሙ የፊንላንድ እስረኞችን ጂን አነበቡ። በአንዳንዶቹ ላይ 20ኛው ቃል ተለውጦ “እዚህ ላይ አቁም” የሚል ሆኖ አገኙት። ወደ 480 የሚጠጉ አሚኖ አሲዶች ሊኖሩት የሚገባው ፕሮቲን ገና ሳይጀመር ይቆማል። ከዚያ ቅጂ ምንም ተቀባይ አይሠራም። ይህ ቅጂ በእስረኞቹ ዘንድ ለንጽጽር ከተመረመሩት ሌሎች ፊንላንዶች ይልቅ ከሦስት እጥፍ በላይ በብዛት ተገኘ። ይኸው ተቀባይ የሌላቸው ሆነው የተፈጠሩ አይጦችም ችኩልነት አሳዩ።

ቅጂው በተመረመሩት ሌሎች ሕዝቦች ዘንድ አልተገኘም፤ ለፊንላንዶች የተለየ ነው። ሕዝባቸው ከጥቂት ቅድመ አያቶች የተነሣና ለረጅም ዘመን ለብቻው የኖረ በመሆኑ፣ ሌላ ቦታ የጠፋ ወይም ከነጭራሹ ያልተፈጠረ ልዩነት በእነርሱ ዘንድ ተባዝቶ ይገኛል።

ዜናው ሲወጣ ብዙ ጋዜጦች “የጥቃት ጂን” አሉት። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቅጂውን የያዙ ፊንላንዶች ከ100 ሺህ በላይ ናቸው፤ እጅግ የሚበዙት ማንንም ሳይነኩ ሠርተው፣ ልጅ አሳድገው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ጥቃት ከፈጸሙት ውስጥ ደግሞ አብዛኞቹ ድርጊቱን የፈጸሙት በአልኮል ሰክረው ነው። ተመራማሪዎቹም ቅጂው ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ ወንድ መሆን፣ መጠጥና ጭንቀት አብረው እንደሚቆጠሩ አስረግጠው ጽፈዋል። የሰውን ጠባይ የሚመለከት ጎላ ያለ የአንድ ፊደል ውጤት ተብሎ ከሚጠቀሱት አንዱ እንኳ መልሱ “ጂን፣ እና ደግሞ መጠጥ፣ እና ደግሞ ሁኔታ” ነው። ይህን ያልተረዳ ፍርድ አደገኛ ይሆናል። በ2009 በጣሊያን ትሪየስቴ አንድ የይግባኝ ችሎት ሴሮቶኒንን የሚሰባብር ኢንዛይም ጂን ውጤትን ከግምት አስገብቶ የአንድ ነፍሰ ገዳይ ቅጣት በ1 ዓመት ቀንሷል። ያው ማስረጃ በሌላ ዳኛ እጅ ቅጣት ለማክበድ ሊውል ይችል ነበር፤ “በጂኑ አደገኛ ነው” ተብሎ።

ታዲያ መድኃኒቱ ለምን ይሠራል?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የተቀባዩ ጂን የሕመሙ ምክንያት ካልሆነ፣ ሴሮቶኒንም ማነሱ ካልተረጋገጠ፣ በሴሮቶኒን ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶች እንዴት ይረዳሉ?

ትኩሳት የያዘው ሕፃን ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ ሲደረግለት ይቀልለዋል። ትኩሳቱ የመጣው እርጥብ ጨርቅ በማጣቱ ነው የሚል ግን የለም። መድኃኒት የሚያርፍበት ቦታና ሕመም የሚነሣበት ቦታ አንድ መሆን አይጠበቅባቸውም። በ2018 የታተመ፣ 522 ሙከራዎችንና 116,477 ሕሙማንን ያካተተ ትንተና የተመረመሩት 21 የድብርት መድኃኒቶች በሙሉ መድኃኒት ከሌለበት እንክብል የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል። ልዩነቱ በአማካይ መጠነኛ ነው፤ ግን አለ። ስለዚህ ከ2022ቱ ግምገማ ተነሥቶ “መድኃኒቱን ጣሉት” ማለት ጥናቱ ያልመለሰውን ጥያቄ እንደ መለሰ አድርጎ መናገር ነው። መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀትና የሕመሙን መመለስ ሊያስከትል ስለሚችል ውሳኔው ከሐኪም ጋር የሚደረግ ነው።

በሌላ ወገን ያሉትም ክርክራቸው ተራ አይደለም። ብዙ የአእምሮ ሐኪሞች የሞንክሪፍን ግምገማ አጻጻፍና የማስረጃ አመዛዘን ተችተዋል። በዚያው በ2022 በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የተመራ አንድ ጥናት በ17 የድብርት ሕሙማንና በ20 ጤነኞች አንጎል ውስጥ የሚለቀቀውን ሴሮቶኒን ለመለካት ሞከረ። የተጠቀመበት መለኪያ ይኸው የእኛ ተቀባይ ነው። በጨረር ምልክት የተደረገበት ንጥረ ነገር በ2ኤ ላይ እንዲቀመጥ ይደረጋል፤ ቀጥሎ ሴሮቶኒን እንዲለቀቅ የሚያደርግ መድኃኒት ይሰጣል፤ የተለቀቀው ሴሮቶኒን ቦታውን ሲይዝ ምልክቱ ይቀንሳል። በሕሙማኑ ላይ ምልክቱ የሚገባውን ያህል አልቀነሰም፤ ማለትም አንጎላቸው ሴሮቶኒን የመልቀቅ ዐቅሙ ደክሟል። ግኝቱ ክብደት አለው፤ ናሙናው ግን ትንሽ ነው። የኤችቲአር2ኤን ታሪክ የሰማ ሰው ትንሽ ናሙና ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያውቃል፤ በሌሎች ቡድኖች እስኪደገም መጠበቅ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ተቀባዩ በሌላ በርም ወደ ሕክምና እየተመለሰ ነው። ከእንጉዳይ የሚገኘው ሲሎሳይቢን 2ኤን የሚያነቃ ሲሆን፣ አውስትራሊያ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ያላቸው የአእምሮ ሐኪሞች በሌላ መድኃኒት ላልተሻለው ድብርት እንዲያዝዙት ፈቅዳለች። እዚህም ላይ የሚደረገው በሩን ማንኳኳት ነው፤ በሩ ስለ ተሰበረ አይደለም።

የምራቅ ምርመራውና የጉበቱ ኢንዛይም

የትኛው የድብርት መድኃኒት እንደሚስማማ በጂን እንነግራለን የሚሉ ምርመራዎች ብዙ ጊዜ ኤችቲአር2ኤን በዝርዝራቸው ያካትታሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2018 ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ በምሳሌነት የጠቀሰው የድብርት መድኃኒቶችን ነበር፤ ብዙዎቹ ምርመራዎች የሚሉትን የሚደግፍ በቂ ማስረጃ እንደሌላቸው ገልጾ፣ በውጤታቸው ተመሥርቶ መድኃኒት መቀየር ሊጎዳ እንደሚችል አሳሰበ። ጂንንና የመድኃኒት አሰጣጥን የሚያገናኝ መመሪያ የሚያወጣው ሲፒክ የተባለ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ኅብረትም በ2023 ኤችቲአር2ኤን መርምሮ፣ ለሐኪም ምክር ለመስጠት የሚበቃ ማስረጃ እንደሌለ ወስኗል።

በዚያው መመሪያ ግን ምክር የተሰጠባቸው ጂኖች አሉ፤ ሁሉም የሚገኙት ከአንጎል ተቀባይ ጋር በማይገናኝ ቦታ ነው። መድኃኒትን በጉበት ውስጥ የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችን የሚያዝዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ፣ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለው፣ ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይመለከታል። በ1996 እሌኒ አክሊሉና በስዊድን የካሮሊንስካ ተቋም ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህን ጂን ከተለመደው በላይ ቅጂ ይዘው ተገኙ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከመቶ 1 ወይም 2 ያህል ነው። ትርፍ ቅጂ ያለው ጉበት እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለውን የድብርት መድኃኒት በፍጥነት ስለሚሰባብር የተለመደው መጠን ላይበቃ ይችላል። ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ደግሞ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። በአዲስ አበባ ሆነ በስቶክሆልም ወይም በዋሽንግተን መድኃኒት እየወሰደ “ምንም አልለወጠኝም” የሚል ኢትዮጵያዊ፣ ስለ አንጎሉ ተቀባይ ጂን ከመጠየቁ በፊት ስለ ጉበቱ ኢንዛይም ሐኪሙን ቢጠይቅ የተሻለ መሠረት ያለው ጥያቄ ጠይቋል።

“በዘራቸው አለ”

ይህ ሁሉ የቤተ ሙከራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአገራችን የአእምሮ ሕመም “በዘራቸው አለ” ሲባል ጋብቻ ይፈርሳል፣ ቤተሰብ ታማሚውን ይሸሽጋል። የጂን ወሬ በዚህ ላይ ሲደረብ አሮጌው ነቀፌታ የሳይንስ ልብስ ለብሶ ይመለሳል። ሳይንሱ የሚለው ከዚህ ጋር አይገጥምም። ከድብርት ጋር የሚያያዙት በመቶ የሚቆጠሩ ልዩነቶች በሁላችንም ውስጥ ተበትነዋል፤ የሚለየን የመጠን ነገር ነው። “ንጹሕ ዘር” እና “ያለበት ዘር” ብሎ የሚከፍል መስመር በጂኖም፣ ማለትም በሰው ሙሉ የዘር ጽሑፍ፣ ላይ የለም። በዚህ ጉዳይ ለዘብ ብሎ መናገር የሚገባ አይመስለኝም፤ በቤተሰብ ላይ የሚጣለው ማኅተም ከሕመሙ ይልቅ ሰውን ከሕክምና ያርቃል።

እስካሁን የተነበቡት ጂኖሞች በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሰዎች መሆናቸውም መታወቅ አለበት። ከዚያ የወጣ የአደጋ ስሌት ለአፍሪካውያን በደንብ አይሠራም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ኒውሮጋፕ የተባለ ፕሮጀክት በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎችን መዝግቧል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከአጋሮቹ አንዱ ነው። ትኩረቱ ስኪዞፍሬኒያና ባይፖላር በሚባሉት ከባድ ሕመሞች ላይ ነው።

እነ እሌኒ አክሊሉ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2002፣ ሌላ ጥናት አሳትመው ነበር። በኢትዮጵያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን በስዊድን ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋር አነጻጸሩ። የሲዋይፒ2ዲ6 ጂናቸው አንድ ዓይነት በሆኑት መካከል እንኳ፣ አገር ቤት ያሉት ለመለኪያ የተሰጣቸውን መድኃኒት የሚሰባብሩት ስዊድን ካሉት ይልቅ ቀስ ብለው ነበር። ጂኑ ያው፣ ሕዝቡ ያው፣ የተለወጠው የሚበላው፣ የሚጠጣውና የሚኖርበት አካባቢ ነው።